የመለያየት ዘፈን ከባዶ ወረቀት እስከ ስልክ ቅጂ፦ ለሰሜን ሸዋ ጀማሪዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ ወጣቶች የሚልኩልኝ የፍቅር ስብራት ዘፈን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። አዝማቹ ላይ። ስንኙ ደህና ይሄዳል። አዝማቹ ሲመጣ ግን ድምፁ ይጮኻል፣ ትንፋሹ ያልቃል፣ ቃሉ አይሰማም። ለምን ስላቸው «ስሜቱ በዝቶብኝ ነው» ይሉኛል። አይደለም። ቀለሙን (ቃል ሲነገር በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን ቁራጭ) ስላልቆጠሩ፣ ቁልፉን (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) ስላልመረጡ፣ የሚቀዱበትን ክፍል ስላላዘጋጁ ነው።

ይህ መመሪያ ለአንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ ነው። ዝግ ያለ፣ 4 ኮርድ (አብረው የሚደወሉ ድምፆች) እየዞረ የሚሄድበት፣ እያንዳንዱ ምት ሦስት ቦታ የሚከፈልበት፣ ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ፣ የመጀመሪያ ፍቅሩ የሄደችበት ልጅ የሚዘፍነው ዘፈን። አጥንቱ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ታዳጊዎች ይዘፍኑት የነበረው ነው። ሥጋውን ግን ከዚሁ ከደጋው እናለብሰዋለን።

ሦስት ምሽት መድቡለት። በአንድ ምሽት ልጨርስ ያለ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልገው

- ወረቀትና እርሳስ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ የሰረዛችሁት ቃል ኋላ ሊያስፈልግ ይችላል።
- ጊታር ወይም ክራር። ሁለቱንም አንድ ላይ አትጀምሩ።
- የመቃኛና የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር) አፕ። ነፃ የሆኑት ይበቃሉ።
- ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ለቅጂ አይሆንም።
- ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ። የመንዝ ባና ካለ ከሁሉም ይሻላል።
- ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ስልክ። መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ሦስተኛው ሙከራ ሲያምር ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

1. የተለያያችሁበትን ቀን አስቡና ዓይናችሁ ያየውን ብቻ ጻፉ። የተሰማችሁን አትጻፉ። 10 ነገር ይበቃል፦ የጠዋት ውርጭ፣ መናኸሪያ፣ የለበሰችው ሹራብ፣ ጣርማ በር ላይ የተኛው ጉም።
2. ከ10ሩ ውስጥ እጃችሁ ሊነካው የሚችል አንድ ነገር አክብቡ። ዘፈኑ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።
3. «ልቤ ተሰበረ»፣ «ዓይኔ አነባ»፣ «ሌት ተቀን» የሚሉትን ከወረቀቱ ላይ አጥፉ። ውሸት ሆነው አይደለም። ሰሚው ሺህ ጊዜ ስለሰማቸው ጆሮው ይዘላቸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የልጅቷን ስም አታስገቡ። ሞላሌ ወይም ሰላ ድንጋይ ላይ ሆናችሁ የዘፈናችሁት ዘፈን እናቷ ዘንድ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል።

ቦታ ስትጠሩም ስሙን በአፋችሁ ሞክሩት። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈውን የበሬሳን ወንዝ አንድ ልጅ አዝማቹ ላይ አስገብቶት ነበር። «በሬሳ ዳር ቆሜ» ብሎ ሲያዜም ሰሚው ሁሉ «ሬሳ» ነው የሰማው። ፍቅር ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ደረጃ 2፦ ቀለም ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለስንኙ የወል ቤትን ተጠቀሙ። አንድ መስመር 12 ቀለም አለው፤ መሐሉ ላይ ተቆርጦ 6 እና 6 ይሆናል። ፊደል አትቁጠሩ። መዳፋችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉና መስመሩን ቀስ ብላችሁ በሉት። አገጫችሁ መዳፋችሁን በነካ ቁጥር አንድ ቀለም ነው።

ለምሳሌ እኔ የጻፍኩት፦

ውርጩ ሳይቀልጥ ገና፣ መኪናው ተነሳ፤
ደህና ሁኚ ልላት፣ አፌ ቃሉን ረሳ።

የመጀመሪያው ግማሽ 10 ፊደል አለው። ቀለሙ ግን 6 ነው፦ ውር–ጩ–ሳይ–ቀልጥ–ገ–ና። ሌሎቹን ሦስት ግማሾች ራሳችሁ ቁጠሩ። ሁሉም 6 ካልመጣላችሁ አቆጣጠሩ አልገባችሁምና ወደ ፊት አትሂዱ።

አዝማቹ ከስንኙ ማጠር አለበት። 5 እና 5 አድርጉት፣ የሰንጎ መገን ቤት እንደሚባለው። ቃሉ ሲያንስ እያንዳንዱን ቀለም ለመሳብ ቦታ ታገኛላችሁ፦

ጉሙ ተገልጦ፣ መንገዱ ታየ፤
ያንቺ ዱካ ግን፣ ከዓይኔ ተለየ።

ስንኙ ስለ እሷ ነው የሚያወራው፤ አዝማቹ ግን ወደ እሷ ዞሮ «አንቺ» ይላል። ይህ ሆን ተብሎ ነው። ስንኙን ለጓደኛችሁ እንደምታወሩ፣ አዝማቹን ለራሷ እንደምትነግሯት አድርጉት። መጥፎ የሚሆነው በአንድ ስንኝ ውስጥ «እሷ» ብሎ ጀምሮ «አንቺ» ብሎ መጨረስ ነው። ሰሚው ሁለት ልጃገረዶች ያሉ ይመስለዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ስንኝ ያንኑ ጠዋት አይድገም። ጊዜ ይለፍ፤ ዛሬ ላይ ድረሱ። ደረጃ 1 ላይ ያከበባችሁትን ነገር አምጡት፦

የሰጠችኝ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ ተቀዶ፤
ብርዱ ገባ በሱ፣ የሷን መንገድ ለምዶ።

ቢበላሽስ?

- አንድ ቀለም ከበለጠ፦ መጀመሪያ «እና»፣ «ግን»፣ «ደግሞ» የሚሉትን ቀንሱ። ካልሆነ ግሱን አሳጥሩ።
- አንድ ቀለም ካነሰ፦ «ውዴ» ብላችሁ አትሙሉት። ቃሉን በሌላ ቃል ለውጡት።
- ዘፋኟ ሴት ከሆነች፦ «ደህና ሁን ልለው» ቢባል 5 ብቻ ይመጣል። «ደህና ሁንልኝ ልለው» በሉ፤ 6 ይሞላል። «ያንተ ዱካ ግን» ምንም አይጎድለውም።
- ቤቱ ካልመታ፦ የመስመሮቹ የመጨረሻ ፊደል አንድ መሆኑን ተመልከቱ። ሳ ከሳ፣ ዶ ከዶ፣ የ ከየ። አንድን ግስ ሁለቴ ደግሞ ቤት መምታት ይቻላል፣ ግን ያሳፍራል።

ደረጃ 3፦ የሚሳበውንና የማይሳበውን ለዩ

ዝግ ያለ ዘፈን ላይ አንዳንድ ቀለም 3 እና 4 ሰከንድ ይሳባል። አማርኛ ሁሉንም አይፈቅድም።

1. አዝማቻችሁ የሚያልቅበትን ቃል ተመልከቱ። በሳድስ ካለቀ ለውጡት። «ፍቅር» ብላችሁ ለመሳብ ሞክሩ፤ ወይ «ፍቅርርር» ይሆናል፣ ወይ «ፍቅሪ»። «ብርድ»፣ «ልብ»፣ «ሐዘን»ም እንደዚሁ ናቸው። ተለየ፣ ረሳ፣ ቀረ፣ ሄዶ ግን አፍ ከፍተው ስለሚጨርሱ የፈለጋችሁትን ያህል ይሳባሉ።
2. ከሚጠብቅ ፊደል በፊት ያለውን ቀለም አትሳቡ። «ተነሳ» ላይ የሚጠብቀው ሳ ነው፤ «ነ» አጭር ትሁን፣ «ሳ» ትርዘም።
3. ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ካለ አክብቡት። «ልቤ ውስጥ አለች» ስትሉ ለ ካልጠበቀች «ተናገረች» ማለት ይሆናል። የኔው «ገና»ም ወጥመድ ነው። ና ከጠበቀች ውርጩ ሳይቀልጥ የገና በዓል መጣ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወቅቱም ስለሚገጥም ሰሚው ያምናችኋል።
4. ሁለት ቃል ሲገናኝ ሌላ ቃል እንዳይወልድ ጆሮ ስጡት። መጀመሪያ «ስሟ ከአፌ ቀርቶ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሳዜመው «ካፌ ቀርቶ» ሆነ። ጓደኛዬ «የትኛው ካፌ?» አለኝ። ሰረዝኩት።

ይህን ደረጃ ለመፈተሽ ግጥሙን ላላየ ሰው ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ዝፈኑለት። የሰማውን ይጻፍ። የጻፈው ከጻፋችሁት ከተለየ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ኮርዱና ምቱ

መጀመሪያ የስም ነገር። ከዚህ በታች «ሲ ኮርድ» ስል የጊታር ሰዎች ሲ የሚሉትን፣ ማለትም ዶን ነው። በዶ ሬ ሚ የተማራችሁ «ሲ» ሌላ ድምፅ ስለሆነ እንዳትምታቱ። በዚህ የተነሳ ሁለት ልጆች ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

1. እነዚህን 4 ኮርዶች በቅደም ተከተል ያዙ፦ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ። እያንዳንዱ አንድ ባር ይቆያል። (ባር ስል መጠጥ ቤቱን አይደለም፤ የ4 ምት ክፍሉን ነው።) አራቱ ሲያልቁ እንደገና ከጂ።
2. ሜትሮኖሙን በደቂቃ 66 ምት ላይ አድርጉ። ጣታችሁ ገና ካልለመደ በ50 ጀምሩ።
3. በእያንዳንዱ ምት ውስጥ «ት–ዝ–ታ» በሉ። ሦስት ቀለም ነው፤ አንድ ምት የሚከፈለውም ሦስት ቦታ ነው። በአንድ ባር 4 ጊዜ «ትዝታ» ትላላችሁ ማለት ነው።
4. ክሮቹ የሚነኩት እንዲህ ነው፦ በአውራ ጣት የኮርዱ ወፍራም ክር፣ ከዚያ 3ኛ፣ 2ኛ፣ 1ኛ (ቀጭኑ)፣ 2ኛ፣ 3ኛ ክር። ይህ ሁለት «ትዝታ» ነው። በአንድ ባር ሁለቴ ይደገማል።
5. ቅርጹን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ መግቢያ 4 ባር፣ ስንኝ 8፣ አዝማች 8፣ ስንኝ 8፣ አዝማች 8፣ ንግግር 4፣ የመጨረሻ አዝማች 8። በድምሩ 48 ባር ነው። በ66 ምት ሲሄድ 2 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል።

ቃሉን ባሩ ላይ ስታስቀምጡ ለእያንዳንዱ ግማሽ መስመር 2 ባር ስጡ። 6ቱ ቀለሞች ከመጀመሪያው ባር ጀምረው ሁለተኛው መሐል ላይ ያልቁ። የቀረው ለትንፋሽ ነው። ጀማሪ ሁሉ ይህን ባዶ ቦታ ሲያይ ይደነግጥና በ«ኦ ኦ» ይሞላዋል። ተዉት። ሰሚው የሚያዝነው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ንግግሩ 4 ባር ብቻ ነው፤ 14 ሰከንድ ተኩል። ከ20 ቃል አይብለጥ፤ ግጥምም አይሁን። ስልክ ላይ እንደምታወሩት አድርጉት፦ «ደውዪ አልልሽም። ሹራቡን ግን አልጣልኩትም።» በቃ። ድራማ ከጨመራችሁበት ሰሚው ይስቃል።

ክራር ለምትጫወቱ፦ ክራሩን በትዝታ ቅኝት ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ አድርጋችሁ ቃኙት፤ በዶ ሬ ሚ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ማለት ነው። 6ኛ ክር ካለው ላይኛው ጂ ይሁን። ኮርድ አትፈልጉ። ጂ እና ኢ ማይነር ላይ ጂ እና ቢን፣ ሲ ላይ ጂ እና ኢን፣ ዲ ላይ ዲ እና ኤን ደርድሩ። አንቺሆዬ ቅኝትን ለዚህ ዘፈን አትሞክሩት፤ ከኮርዶቹ ጋር ይጣላል።

ቢበላሽስ? ከሲ ወደ ዲ ስትቀይሩ ምቱ ከቆመ ዘፈኑን አታስቡ። ሁለቱን ኮርድ ብቻ ለ5 ደቂቃ አመላልሱ። ምቱ እየፈጠነባችሁ ከሆነ ደግሞ አዝማቹ ላይ ስሜት ገፍቷችኋል ማለት ነው፤ ሜትሮኖሙን በአንድ ጆሯችሁ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ዜማና ቁልፍ

ዜማውን ከእነዚያው ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች (ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ) አታውጡ። ኮርዶቹ የሜጀር ቢሆኑም ትዝታው ሐዘኑን ያመጣዋል። የጠቆረ ከፈለጋችሁ ትዝታ ማይነር አለ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ በኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ዲ ማይነር እና ኢ ኮርዶች ላይ። ኢ ኮርድ ላይ ግን ሲ ድምፅ ላይ አትቁሙ፤ ጆሮ ያሳክካል። ለመጀመሪያ ዘፈን ሜጀሩን እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። አዝማቹ ለምን ይሰነጠቃል? ዜማውን በለሆሳስ ስለሠራችሁት ነው። ማታ፣ ሰው ተኝቶ፣ በትንሽ ድምፅ ስትዘፍኑ ከፍ ያለው ድምፅ ቀላል ይመስላል። ቀን በሙሉ ድምፅ ሲሆን አይደረስበትም።

1. የመቃኛ አፑን ክፈቱ። «አ» እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ሳትጮኹ የደረሳችሁበትን የመጨረሻ ድምፅ ጻፉ።
2. ከዚያ ድምፅ 2 ፍሬት (በጊታር አንገት ላይ በብረት መስመር የተለየ ቦታ) ዝቅ በሉ። የአዝማቹ ከፍተኛ ድምፅ ከዚያ መብለጥ የለበትም።
3. ያላችሁበት ቁልፍ ዝቅ ካለባችሁ ካፖ (የጊታሩን ክሮች በአንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ጨምሩ። ካፖው 2ኛ ፍሬት ላይ ሲሆን ሁሉም በ2 ፍሬት ይወጣል፤ 5ኛው ላይ ሲሆን የጂ ቅርጽ ሲ ሆኖ ይሰማል። ከፍ ካለባችሁ ደግሞ ዜማውን ራሱን አውርዱት።
4. ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ከአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) አይለፍ።
5. ከፍተኛውን ድምፅ በመላው ዘፈን አንድ ቃል ላይ ብቻ አስቀምጡ። እኔ «ዱካ» ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ስንኙ ላይ ከነካችሁት አዝማቹ የሚሄድበት ያጣል።

የመጨረሻውን አዝማች አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ መዝፈን የሚወድ ብዙ ነው። የዚህ ዓይነት ዘፈን የቆየ ልማድ ነው፣ አልክድም። ግን ካፖ ይዞ መሐል ላይ ቁልፍ መቀየር ከባድ ነው፤ ክራር ላይማ እንደገና ሳይቃኙ ጭራሽ አይቻልም። ተቃራኒውን አድርጉ። በመጨረሻው አዝማች የመጀመሪያው ባር ላይ ጊታሩን አቁሙና ብቻችሁን፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ከጩኸት የበለጠ ይሰማል።

ደረጃ 6፦ ጉሮሮ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ከውጭ ብርድ ገብታችሁ ወዲያው አትዝፈኑ። 20 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ለብ ያለ ውኃ ጠጡ። ለ10 ደቂቃ አፍ ዘግታችሁ አንጎራጉሩ። መሣሪያውም ከናንተ ጋር ይሙቅ፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ክር ቅኝቱ ይለወጣል። ስለዚህ መቃኘት ያለባችሁ ስትገቡ ሳይሆን ልትቀዱ ስትሉ ነው።

«አረቄ ጉሮሮ ይከፍታል» የሚላችሁን አትስሙ። ያደርቃል። የሚከፍተው ጉሮሮ ሳይሆን ድፍረት ነው፤ ጠዋት ቅጂውን ስትሰሙ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ደረጃ 7፦ ቤቱን አዘጋጁ

1. ከቤቱ ትንሹንና ዕቃ የበዛበትን ክፍል ምረጡ። አልጋና ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን ይሻላል።
2. አንዱን ባና ከኋላችሁ፣ ሁለተኛውን ከስልኩ ጀርባ ስቀሉ። ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።
3. አጨብጭቡ። ድምፁ ተመልሶ ከጮኸ ብርድ ልብስ ጨምሩ።
4. ሰዓት ምረጡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱም ጎረቤቱም ያርፋል። ንጋትን አትመኑ፤ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይቀድማችኋል።
5. ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ቆርቆሮ ሥር አትቅዱ። ዝናቡ የሚያምር ይመስላችኋል፣ በስልክ ሲሰማ ግን ጤፍ ምጣድ ላይ ሲፈስ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ችግሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ቬንትሌተር ያስከፍታል። ለ3 ደቂቃ አጥፉትና ላባችሁን ጥረጉ፤ ያ ጉርምርምታ ከተቀዳ በኋላ አይወጣም።

ደረጃ 8፦ መቅዳት

ጊታሩን መጀመሪያ፣ ድምፁን በኋላ ቅዱ። አንድ ላይ ከቀዳችሁ አንዱ ሲሳሳት ሁለቱም ይጣላሉ።

1. ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። አዝማቹ ላይ የሚደውል ዘመድ አይጠፋም።
2. የመቅጃ አፑ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚል ምርጫ ካለው እሱን ውሰዱ።
3. ሜትሮኖሙን በማዳመጫ እየሰማችሁ 4 ምት ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ ጊታሩን ሙሉውን 48 ባር ቅዱ። መጨረሻው ጂ ላይ ይቁምና ድምፁ እስኪጠፋ አትንቀሳቀሱ።
4. ጊታሩን በአንድ ስልክ በማዳመጫ ክፈቱ፤ ድምፁን በሌላ ስልክ ቅዱ። ሲጀምር ማዳመጫውን ወደ መቅጃው ስልክ አስጠጉና ቆጠራው እንዲገባ አድርጉ፤ ከዚያ ጆሯችሁ ላይ ሰኩት። መግቢያው 14 ሰከንድ ስላለው ትደርሳላችሁ። ኋላ ሁለቱን ስታገጣጥሙ ቆጠራው ይመራችኋል። አንድ ስልክ ብቻ ካላችሁ እንደ ባንድላብ ያለ ነፃ አፕ ሁለቱን ደርቦ ይቀዳል።
5. የስልኩን ማይክ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አገጭ ጎን። ጥ፣ ጭ፣ ቅ ማይኩን እንደ ጠጠር ይመቱታል። «ውርጩ» ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።
6. አዝማቹ ላይ ስልኩን አታሽሹ። ራሳችሁን ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ መልሱ።
7. ሦስት ጊዜ ቅዱ፤ ከሦስት አይለፍ። አራተኛው ላይ ድምፅ ይደክማል፣ ስሜቱም ወደ ትወና ይዞራል።

ቢበላሽስ?

- ድምፁ ከተሰነጠቀ፦ መጠን ማሳያው ቀይ ነክቷል። ከስልኩ ራቁ እንጂ ድምፃችሁን አትቀንሱ።
- ድምፁ ከጊታሩ ወደ ኋላ ከቀረ፦ ብሉቱዝ ተጠቅማችኋል፣ ወይም ቆጠራው አልተገጣጠመም።
- ዜማው ዝቅ ዝቅ ካለ፦ አንዱን ጆሮ ከማዳመጫው ነፃ አድርጉ። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይወርዳል።
- ማልቀስ ከመጣ፦ አቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ነገ ቅዱ። ያለቀሰ ጉሮሮ ያብጣል፣ ቃል ይበላል። ይህን የምለው ከራሴ ነው። የመጀመሪያ ቅጂዬን እያለቀስኩ ቀድቼ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እህቴ ሰምታ «ጉንፋን ይዞህ ነው?» አለችኝ።

ደረጃ 9፦ ማገጣጠምና መላክ

ከሦስቱ ቅጂ የየመስመሩን ጥሩ ውሰዱ። ትንፋሽ ላይ ቁረጡ እንጂ ቃል ላይ አትቁረጡ። የጊታሩን መጠን ድምፁ በግልጽ እስኪሰማ ዝቅ አድርጉ። ኤኮ ጨምሩ፣ ግን ትንሽ። ኤኮው መኖሩ ከታወቃችሁ በዝቷል። ከዚያ በማዳመጫ ሳይሆን በራሱ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ስሙት፤ ሰው የሚሰማው በዚያ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ በድምፅ መልእክት አትላኩት፤ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩት። ስሟን ፋይሉ ላይ እንኳ አትጻፉ። ፎቶዋንም አታያይዙ፤ ፈቃዷን ካልጠየቃችሁ ፎቶው የናንተ አይደለም።

መጀመሪያ የምትልኩት ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ይሁን። «እንዴት ነው?» አትበሉት፤ «ቆንጆ ነው» ይላችኋል። በማግሥቱ ደውሉና የሚያስታውሰውን መስመር እንዲላችሁ ጠይቁት። አዝማቹን ካለ ለሌሎቹም ላኩ። «ሹራቡን» ብቻ ካስታወሰ ስንኙ ደህና ነው፤ አዝማቹን ይዛችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ምንም ካላስታወሰ ጊታሩን አትንኩ፤ ወረቀቱንና እርሳሱን አምጡ።